በር የሌለው ምክር

በዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ምክር» የሚለው ቃል ቅጣት ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱ ሌላ ነገር ይል ይሆናል፤ መዝገበ ቃላቱ ግን እዚያ ግቢ ገብቶ አያውቅም። አስተማሪ ደሙ ሲፈላ «ውጣ! ምክር ግባ!» ይላል። የተባለው ልጅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ በኮሪደሩ ይነዳል። ጓደኞቹም በመስኮት አንገታቸውን አስግገው «አንተ፣ ምን አጥፍተህ ነው የምትመከረው?» ይሉታል። በራሱ እግር ምክር ፈልጎ የመጣ ተማሪ ታይቶ አይታወቅም። ቢታይም ሐኪም ይየው ይባል ነበር።

ይህን ቅጣት እንድታስፈጽም የተቀጠረችው ሴት «የተማሪዎች ድጋፍና ምክር አገልግሎት ባለሙያ» ትባላለች። ማዕረጉ ከክፍሏ ይረዝማል። ተማሪዎቹ በአጭሩ «እስቲ ንገሩኝ» ብለው ስም አውጥተውላታል፤ ምክንያቱም የመጣው ሁሉ፣ ማስቲካ ያላመጠም ሆነ መስኮት የሰበረ፣ ከእሷ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ሊያገባት የነበረ ቀያሽ መሐንዲስም በዚሁ ቃል ምክንያት ነው የቀረው ይባላል። «አንቺ ሁልጊዜ እስቲ ንገረኝ ትያለሽ፤ እኔ ደግሞ የምነግርሽ ነገር የለኝም» ብሏት ሄደ። እውነቱን ነው፤ አልነበረውም።

ዕድሜዋ የአርባን በር እያንኳኳ ነው። ከዚያ በቀር የምታንኳኳውም የሚያንኳኩባትም በር የላትም። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር እንዳይመስላችሁ። በሯ በእውነት ተነቅሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል ከበላይ አካል እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እንግዳ ይመጣል ሲሉት የሚያልበው ሰው ነው። ልጅ ታሞ ቢወድቅ አያልበውም፤ ጣሪያ ቢያፈስ አያልበውም፤ እንግዳ ሲባል ግን ከግንባሩ እስከ ተረከዙ ይርሳል። ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበና ጠረጴዛ ደበደበ።

«በሮቻችን ያሳፍራሉ! በሙሉ ቀለም ይቀባሉ! በዚህ ግቢ ውስጥ አንድም የእንጨት በር ተሰቅሎ እንዳይቀር!»

ተጨበጨበ። ማጨብጨብ የማይደክመው እጅ የትም ሞልቷል። በሮቹ ተነቀሉ፣ ቀለሙ ግን አልመጣም፣ እንግዶቹም አልመጡም። የሁለቱም መምጫ «በቅርቡ» ነው። የመማሪያ ክፍሉ በር፣ የምክር ክፍሉ በር፣ የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ በር፣ ሁሉም ተደራርቦ መጋዘን ገባ። መጋዘኑ የብረት በር አለው፤ በላዩም ቁልፍ ተደርቦበታል። እንግዲህ አስተውሉ፦ በዚያ ግቢ በወጉ የሚዘጋ በር ቢኖር፣ በሮች የታሰሩበት በር ነው።

ትንሽ ቀለም ግን ከየት እንደተገኘ ተገኘና ከምክር ክፍሉ ባዶ መቃን በላይ ጥቅስ ተጻፈ፦ «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው»። ዳይሬክተሩ ራሱ መርጦት ነው። ለጥቅስ የሚሆን ቀለም አለ፤ ለበር የሚሆን ቀለም የለም። አገልግሎት ማለት ይህ ነው።

አማካሪዋ ታገሠች፣ ታገሠችና ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደች።

«በሬ ይመለስልኝ።»

«እህቴ፣ ሁሉም ሰው በሬ ይመለስልኝ ካለ ምኑን ልንቀባ ነው?»

«አሁንስ መቼ እየቀባን ነው?»

«እየተዘጋጀን ነው። ደግሞ አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፤ በጽሑፍ እንዲህ በር፣ በር አይባልም። በር የአናጺ ቃል ነው። ‹ድጋፍ› በይ። ድጋፍ ካልሽኝ ዓይኔን ሳላሽ እፈርምልሻለሁ።»

«ለምክር ክፍሉ አስቸኳይ ድጋፍ ይደረግለት» ብላ ጻፈች። ዳይሬክተሩም ቃሉን ጠበቀ። ዓይኑን አላሸም፤ ሳያነብ ነው የፈረመው።

በማግስቱ የጥገና ሠራተኛው ከተፍ አለ። ሽማግሌ አናጺ ነው፤ በግቢው «እንደታዘዝኩት» ነው የሚባለው። የታዘዘውን ያደርጋል፤ ያልታዘዘውን አያደርግም፤ በመካከል ያለውን ነገር አያውቀውም። ትከሻው ላይ የሰው ጭን የሚያህል ረጅም ግንድ ተሸክሟል።

«እንደምን አደርሽ ልጄ። በየት በኩል ነው የዘመመው?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ክፍሉ ነዋ! ድጋፍ ይደረግለት ተብሎ ታዘዝኩ።»

አማካሪዋ ግንዱን አየች። ሽማግሌውን አየች።

«ጋሼ፣ ድጋፍ ያልኩት እኮ እንጨት አይደለም።»

«ብረት ነው የፈለግሽው? ብረት የለም።»

«በር! በር ነው የፈለግሁት!»

«በር አልተባልኩም።»

«እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት!»

«እንግዲያው ለምን በር ብለሽ አልጻፍሽም?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ካለ ይናገር። ሽማግሌው ግንዱን በክፍሉ መሀል፣ በጣሪያውና በወለሉ መካከል ወትፎ በመዶሻ አጠበቀው። ክፍሉ አልዘመመም ነበር፤ አሁን ደግሞ ቢፈልግም የማይዘምም ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መካሪና ተመካሪ እንጨቱን ግራና ቀኝ እየዞሩ፣ እንደ ድብብቆሽ ጨዋታ መተያየት ጀመሩ።

የኮሪደሩ ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ተደግፋ ትርዒቱን ስታይ ቆይታ ነበር። አፏ ከመጥረጊያዋ በላይ የሚሠራ ሴት ናት።

«ይብላኝልሽ እህቴ! በር ብትጠይቂ ምሰሶ። ባል ብትጠይቂማ አማት ነው የሚያመጡልሽ!»

እቤትም የሚያርፍ ጆሮ የላትም። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተናል ይላሉ እንጂ የስፌት መኪናው ጡረታ መውጣቱን እስካሁን አልሰማም። የልጃቸው ሥራ ገብቷቸው አያውቅም። «ጎረቤቱን ሁሉ ስመክር አረጀሁ» ይላሉ መርፌ እየከተቱ። «ለካ ደሞዝ ነበረው! ማን ነገረኝ?»

አሁን ወደ አንዲት ተማሪ እንምጣ። ነገሩ የከረረው በእሷ ነውና።

አስተማሪዎቹ «ቀሪዋ» ይሏታል። ስም ሲጠራ ደጋግሞ «ቀሪ» የሚባልባት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥቂት ቀን ትጠፋለች፣ ትመለሳለች፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ ትጠፋለች። ምክንያት ሲጠይቋት ጫማዋን ታያለች። አስተማሪዎቹ ትዕግሥታቸው አለቀ፤ ድሮስ መቼ ሞልቶ ያውቃል? ዳይሬክተሩ የሚመራው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አርብ ተሰብስቦ ስሟን እንዲሰርዝ ተወሰነ። አባቷ ደግሞ ከተሰረዘች አጎቷ ሱቅ ገብታ ዕቃ ትመዝን ብሏል፤ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። እስከዚያው ግን ሥርዓቱ ይሟላ ዘንድ ልጅቷ ምክር ትግባ ተባለ።

ገባች። ከምሰሶው ጀርባ ተቀመጠች።

«እስቲ ንገሪኝ።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። በባዶው መቃን በኩል አንድ አስተማሪ አለፈ። አፏን ዘጋች። እንደገና ከፈተች። አንድ ጎረምሳ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ «ተመከሪ! ደህና አድርገሽ ተመከሪ!» ብሎ ሮጠ። ልጅቷ አፏን ዘግታ እንባዋን ከፈተች።

አማካሪዋ እንደ እብድ ብድግ አለች። በሩን ልትዘጋ ነው የተነሣችው፤ እጇ አየር ጨብጦ ተመለሰ። ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ትረሳዋለች፣ በየቀኑ አየር ትጨብጣለች።

ይህን ጊዜ ከውጭ የባልዲ ድምፅ ተሰማ። ጽዳቷ ሴት ሙሉ ባልዲ ውኃ ኮሪደሩ ላይ ዘረገፈችው። ከዚያ መወልወያዋን እንደ ጦር ይዛ መሀል መንገድ ቆመች።

«እርጥብ ነው! ማንም እንዳይረግጥ!»

«እመቤት፣ ክፍል አለኝ እኮ» አለ አንድ አስተማሪ።

«በጀርባ ይዙሩ! አሁን አጥቤው! የኔን ወገብ ለውሻ ሰጠሁት እንዴ?»

«እስኪደርቅ ድረስ ልንጠብቅ ነው?»

«እኔ ፀሐይ ነኝ? የሚደርቅበትን እኔ አውቃለሁ? ዞር በሉ!»

በዚያ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሊከለክለው ያልቻለውን የተማሪ መንጋ እርጥብ ወለል ያቆመዋል፤ ጫማ ያቆሸሸ ሁሉ ከዚያች ሴት አፍ ምን እንደሚወጣ ያውቃልና። ኮሪደሩ ጭር አለ። ሴትየዋ ወደ ውስጥ ሳታይ፣ ለራሷ የምታወራ አስመስላ፣ «ቶሎ ቶሎ በሉ፤ ወለሉ እንደ ድሮው ውኃ አይዝም» አለች።

«ቲቸር፣ ለማንም አይናገሩም?» አለች ልጅቷ።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው የኔ እመቤት። ከኔ አፍ አይወጣም።»

«የሽንት ቤቱ በር የለም።»

አማካሪዋ ወንበሯን ወደ ምሰሶው አስጠጋች።

«ሹራብ ይዘን ነው የምንገባው። አንዷ ስትገባ ሁለቱ ሹራቡን ዘርግተው ይቆማሉ። የወር አበባዬ መጥቶ የገባሁ ቀን... ደወል ተደወለ። የያዙልኝ ልጆች ሒሳብ ፈተና ነበራቸው፤ ደንግጠው ሮጡ። ወንዶቹ ከኳስ ሜዳ እየተመለሱ ነበር።» ጣቶቿን ትቆጥር ይመስል አገላበጠቻቸው። «ከዚያ ወዲህ፣ ሲመጣብኝ ቤት እቀራለሁ።»

«እናትሽ ያውቃሉ?»

«ታውቃለች። ለአባቴ ግን ራሷን አሟት ነው የምትለው። እሱ ደግሞ በየወሩ ራሱን የሚያመው ሰው ምን ትምህርት ይገባዋል ይላል።»

አማካሪዋ ምሰሶውን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ካልጨበጠችው የምትነቅለው መስሏት ነበር። የመምህራኑ መጸዳጃ በር የብረት ነው፤ ስለዚህ አልተነቀለም፤ ስለዚህ ማንም አላሰበበትም። በአንድ በኩል ልጆቹን ባዶ መቃን ፊት ሹራብ ያስዘረጋሉ፤ በሌላ በኩል ለምን ቀራችሁ ብለው ኮሚቴ ይሰበስባሉ። እግር ሰብሮ «ለምን አትሮጥም?» ብሎ መግረፍ ማለት ይህ ነው።

ወደ ዳይሬክተሩ በረረች።

«የሴቶች መጸዳጃ በሮች ዛሬውኑ ይመለሱ።»

«ሳይቀቡ?»

«ሳይቀቡ!»

«እንግዶቹ መጥተው ያልተቀባ በር ቢያዩስ?»

«በር የሌለው ሽንት ቤት ቢያዩስ?»

ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «የሌለ ነገር አይታይም» አለ፤ ከአፉ የወጣው ነገር ለራሱም ጥሞት።

«እሺ፣ ስለ ልጅቷ እንነጋገር። በቂ ምክንያት አላት።»

«ይበል! ኮሚቴው ፊት ይነገርና ይመዘናል።»

«ኮሚቴው ፊት የሚነገር አይደለም። በአደራ ነው የነገረችኝ።»

«አደራ የሚባል ነገር በደንባችን ላይ የለም» አለና ስልኩን አነሣ። ቀጥሎም፣ እባካችሁ ስሙት፣ «ስትወጪ በሩን ዝጊልኝ» አላት።

በሩን ዘጋችው። ያኔ ነው ያስተዋለችው። ውጭ ቆማ ጥሩ አድርጋ አየችው፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ የእንጨት በር።

ማታ ራት ላይ ለእናቷ የልጅቷን ምስጢር አልነገረቻቸውም፤ ስለ ሰውየው ግን እስኪበቃት ተማረረች። እናትየዋ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ያ በአናትሽ ላይ የጻፉብሽ ጥቅስ ምን ይላል?»

«ምከረው ምከረው...»

«አንቺ ስንቴ መከርሽው?»

«ሁለቴ።»

«ታዲያ ድርሻሽን ጨርሰሻል። የቀረው የመከራ ነው። ተረት ለልጆች ብቻ ነው ያለው ማነው?»

አርብ ጠዋት አናጺው «እንደታዘዝኩት» ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ መጋዝ ይሞርድ ነበር።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። የዳይሬክተሩ ቢሮ በር ከምንድነው የተሠራው?»

«ከእንጨት ነው እንጂ! እንደሱ ያለ እንጨት ዛሬ አይገኝም።»

«እኔ የምለው፣ ‹አንድም የእንጨት በር ተሰቅሎ እንዳይቀር› ተብሎ አልነበር?»

ሞረዱ ቆመ። ሽማግሌው ወደ ቢሮው አቅጣጫ አየ። ፊቱ ድስት መጣዱን ረስቶ ደጅ እንደ ወጣ ሰው ሆነ።

«ያን ዕለት ተቆልፎ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ስመለስ እነቅለዋለሁ ብዬ... ውይ! ውይ ጉዴ! ይህን ሁሉ ጊዜ ትእዛዝ አጉድዬ ኖሬያለሁ?»

«እኔ ምንም አላዘዝኩዎትም ጋሼ። መጠየቄ ብቻ ነው።»

«አንቺ ምን አግብቶሽ ታዢኛለሽ? ራሱ ነው ያዘዘኝ!»

ዳይሬክተሩ በየክፍሉ ዞሮ የኮሚቴውን አባላት አስከትሎ ሲመለስ፣ ቢሮው እንደ ተከፈተ አፍ አፍጥጦ ጠበቀው። ሰውየው መቃኑን ዳሰሰ። ከዚያ ጮኸ።

«በሬስ? በሬ የት ሄደ?»

የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ ግቢው በተማሪ ተሞልቷል። በሬ ሲጠብቅ የእንጨት ነው፤ ሲላላ የቀንድ ከብት ነው፤ ተማሪ ደግሞ ሁልጊዜ አላልቶ ነው የሚሰማው።

«ስሙ! ዳይሬክተሩ በሬ ጠፋበት!»

«ቢሮ ውስጥ ነበር የሚያስረው?»

«እኔ አላየሁትም ጌታዬ፣ ላሟን ግን አይቻታለሁ!»

እንደታዘዝኩት የማጠፊያዎቹን ብሎኖች በኮፍያው ይዞ ከጎን ብቅ አለ። «ለቀለም ሄዷል ጌታዬ።»

«ማን አባቱ አዘዘህ?»

«እርስዎ።»

ሰው ፊት ሆነና ትእዛዙን ሊክድ አልቻለም፤ ያኔ ያጨበጨቡት ሁሉ ዙሪያውን ቆመው ነበር። ኮሚቴው እንደምንም ተቀመጠ። ልጅቷ ገባች፤ አማካሪዋ አጠገቧ ቆመች። መቃኑ በአንድ አፍታ ከታች እስከ ላይ በተማሪ ራስ ተሞላ። ዳይሬክተሩ ተነሥቶ አባረራቸው፤ ተቀመጠ፤ ተመለሱ። ዝንብ እንኳ እንዲህ አይመለስም። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ሊተወው ፈለገ፤ የደዋይዋን ስም ሲያይ ግን መተው እንደማይቻል ፊቱ ተናገረ።

«እሺ... እሺ የኔ እናት... አዎ አልረሳሁም... አይ፣ አልጮህኩብሽም... ሽንኩርቱንም እገዛለሁ...»

«እሺ የኔ እናት!» አለ ከመቃኑ አንድ ቀጭን ድምፅ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ዳይሬክተሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ! እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሰው እንዴት የግል ነገሩን ይናገራል?»

አማካሪዋ ሳትቸኩል ተናገረች።

«እሱን ጥያቄ ከመስከረም ጀምሮ እኔም ስጠይቅ ነበር፤ ግንድ ተላከልኝ። አሁን ይቺን ልጅ በዚሁ ክፍል፣ በእነዚህ ሁሉ ጆሮዎች ፊት፣ ለምን እንደቀረች ተናገሪ ሊሏት ነው። እሷ አትናገርም፣ እኔም አልናገርም። የቀረችበት ምክንያት መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። አውጡትና በየመቃኑ ስቀሉት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብትቀር ሰርዟት፤ እኔንም አብራችሁ።»

ከኮሚቴው አንዷ፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋ፣ ልጅቷን አየች፤ በመስኮቱ ግቢው ዳር ወዳለው የሴቶች መጸዳጃ አየች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ተረድቻለሁ» አለች። «እኔ አልሰርዝም። እናንተም አትጠይቁ።»

ዳይሬክተሩ ግን የሚሰማው የገዛ ሽንኩርቱን ማሚቶ ብቻ ነበር። «ይታለፍ! ለጊዜው ይታለፍ!» አለና ወደ ውጭ አፈጠጠ። «አንተ ሽማግሌ! በሩን መልስ!»

«የቱን በር ጌታዬ?»

«በሩን!»

«በር ብዙ ነው። አንዱን መልሼ ሌላው ቢጎድል ደግሞ ነገ...»

«ሁሉንም! ሁሉንም መልስ! አንድም እንዳይቀር!»

«ከየት ልጀምር?»

«ከፈለግህበት ጀምር! ብቻ ከፊቴ ጥፋ!»

እንደታዘዝኩት ከመጋዘኑ ጀመረ፤ ዕቃ የሚሸከም ሰው ከቅርብ ነው የሚጀምረው። ለመጋዘኑ የሚቀርበው የሴቶች መጸዳጃ ነው። በዚያው ቀን በሮቹ ተሰቀሉ፣ መቀርቀሪያቸውም ተመታ። ከዚያ በተራ በተራ የመማሪያ ክፍሎቹ፣ ከዚያ ምክር ክፍሉ። የዳይሬክተሩ ቢሮ ከሁሉም የራቀ ነውና ሳምንቱን ሙሉ እንደ ተከፈተ አፍ ከረመ። ሰውየው በዚያ ሳምንት ስልክ የሚያናግረው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ነው ብላ ጽዳቷ ሴት ትምላለች፤ እሷ ግን ማጋነን ትወዳለች።

እንግዶቹ አንድ ቀን መጡ። ቀለም አላዩም፤ አልጠየቁምም። ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ፊት ቆሞ «ለተማሪዎች አገልግሎት ከፍተኛ ድጋፍ አድርገናል» አለ፣ ወደ ምክር ክፍሉም ወስዶ ምሰሶውን አሳያቸው። አጨበጨቡ። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ይሾማል፣ እንዲህም ይሸለማል፤ ስለዚህ ፍትሕ ፍለጋ ወደዚህ ታሪክ የገባ አንባቢ ካለ ባዶ እጁን ይመለስ።

ምሰሶው እንደቆመ ነው። ይነቀል ብሎ ያዘዘ የለምና አልተነቀለም። አማካሪዋ ቦርሳዋን ትሰቅልበታለች፤ ስትነሣ ደግሞ ትጋጨዋለች።

በሚቀጥለው ወር፣ ቀሪዋ በምትጠፋባቸው ቀናት በአንዱ፣ አማካሪዋ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ አንድ የማታውቀው ድምፅ ሰማች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከጣሪያው መሰላት። ቀና ብላ አየች። ደግሞ ተሰማ። በር ሲንኳኳ ምን እንደሚባል ጠፍቷት ነበር።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለ ከውጭ የልጅቷ ድምፅ። «ማንም አልላከኝም። እንዲሁ ነው የመጣሁት።»

አማካሪዋ ብድግ ስትል ግንባሯን ከምሰሶው ጋር አላተመችው።

«ግቢ» አለች ግንባሯን እያሻሸች፣ ምሰሶውንም ፈራሚውንም በሆዷ እየረገመች። «ግቢና በሩን ዝጊው።»